በሞቴ፣ ትንሽ ናት

ሰው ቤት ልሄድ ስነሣ ከካልሲዬ አስቀድሜ የማዘጋጀው ሰበብ ነው። ሰበቡ የሚያስፈልገኝ ለአንዲት አባባል ነው፦ «በሞቴ፣ ትንሽ ናት!»

አባባሏ የምትመጣው ከጉርሻ ጋር ነው። ጉርሻዋ ደግሞ አንድም ቀን ትንሽ ሆና አታውቅም። የቤቱ እመቤት እጇ የቻለውን ያህል ጠቅልላ፣ ወጡ በጣቶቿ መሐል እየተንጠባጠበ፣ ግራ እጇን ከሥር ዘርግታ አፌ ድረስ ትመጣለች። እኔ ከንፈሬን ገጥሜ በዓይኔ እለማመጣለሁ። እሷ በሞቷ ትምላለች። ልጅ ሆኜ ይህን መሐላ ከልቤ ነበር የምፈራው። እምቢ ያልኳት ሴት ሌሊቱን የምትሞት እየመሰለኝ ጠዋት ተነሥቼ በአጥር ቀዳዳ አያታለሁ። ኧረ ደኅና ናት፣ ልብስ ታሰጣለች። በሞቴ ያሉኝ ሁሉ መሐላቸው ቢይዝ ኖሮ ሰፈራችን ዛሬ ባዶ መሬት ሆኖ ለሊዝ በወጣ ነበር።

ተሸንፌ አፌን የከፈትኩ ዕለት ደግሞ በአንዱ አያበቃም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሏልና ለመፋቀር ሁለተኛው፣ ለመተማመኛ ሦስተኛው ይከተላል።

እምቢ የምለው ግን ወድጄ አይደለም፤ እኔ ያደግሁት ሁለት በሽታ ይዤ ነው። አንደኛው በቆሽቴ ላይ የደረሰው ነው። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ እንዲህ የሚለው ሰው ሁሉ ቆሽቱ ደኅና ነው፣ ጠዋት ማታ ኢንሱሊኑን እየሠራ ይኖራል። የምሩን ያረረው የኔ ነው። ሰውነቴን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ አንድ ቀን ተነሥቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ጠላት ናችሁ ብሎ ፈጃቸው። ይህ የልጆች ስኳር የሚባለው ነው፤ ኢንሱሊን ካልተወጉ የማይኖሩበት። ሁለተኛው ሲሊያክ ይባላል። እዚያም ጥፋተኛው ያው ዘበኛ ነው፦ ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ አንጀቴ ደጃፍ ሲደርስ ዘበኛው ይደነብርና እንግዳውን ትቶ የቤቱን ግድግዳ ያፈርሳል።

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። በዘር የሚመጡበት መንገድ ስለሚገናኝ፣ የልጆች ስኳር ካለባቸው መቶ ሕፃናት፣ እንደ አገሩ ቢለያይም፣ አምስት ስድስቱ ላይ ሲሊያክም ይገኛል። በጥንት ዘመን ሁለቱንም በጽሑፍ ያስቀመጠው አንድ ሰው መሆኑ ደግሞ ይገርመኛል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ አባት አገር ከምትባለው ከቀጰዶቅያ የወጣው ሐኪም አሬቴዎስ። ስኳርን የገለጸው ሥጋ ቀልጦ በሽንት የሚወርድበት በሽታ አድርጎ ነው። እናቴ አሬቴዎስን አላነበበችም። ፍራሼ በየሌሊቱ ሲርስ፣ ሱሪዬ ከወገቤ ሲወርድ አይታ ግን እሱ ያለው ዘንድ በራሷ መንገድ ደርሳለች።

ሰፈር የራሱ ሐኪም አለው። «ስኳር? ይሄ? የት አግኝቶ?» አሉ። ስኳር በዚያን ጊዜ የጡረተኛና የባለመኪና በሽታ ነበር፤ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ጥርሱን ገና ያልቀየረ ልጅ መያዙ እንደ ድፍረት ተቆጠረ። ከፊሉ «ከረሜላ አብዝቶ ነው» አለ። (አብዝቼ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር።) ከፊሉ ጣፋጭን የሚያባርረው መራራ ነው በሚል ሕግ የግራዋ ቅጠል ይዞ መጣ፤ ሽፈራው የቀቀለልኝም፣ አብሽ በባዶ ሆድ የጋተኝም አለ። እናቴ ሁሉንም አመስግና ትቀበላለች፤ ኢንሱሊኔን በሰዓቱ ትወጋኛለች፤ በግራዋው ጋን ታጥብበታለች።

«ደብቁት እንጂ፣ ነገ ማን ይድርለታል?» ያሉም ነበሩ። እናቴ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ለመንገደኛ ሳይቀር ተናገረች።

በመታመሜ ደስ ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ለብዙ ዘመን በግቢው ብቸኛው የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ስለኖሩ ጓደኛ አገኙ። «እንዴት አደርክ ጓድ? ዛሬ ስንት ነው?» ይሉኛል። ቁጥሬን እነግራቸዋለሁ። የሳቸውን ይነግሩኛል። ሁለታችንም ከንፈራችንን እንመጥጣለን። የሳቸው ስኳር በኪኒን የሚታዘዝ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱን ለሰው ሲያስረዱ፣ «የሱ መደበኛ ጦር ነው፤ የኔ ሚሊሻ» ይሉ ነበር። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ ከሐኪም አልሰማሁም።

ስኳር በኮታ በሚታደልበት ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን ደጃችን መጣች። «እናንተ ቤት ስኳር አለ፣ ልጁ ደግሞ አይነካም። የኮታችሁን ለኛ ልቀቁልን» አለች።

«እንዴ፣ ከሁላችሁ በላይ ስኳር የሚያስፈልገው እኮ የኔ ልጅ ነው» አለች እናቴ።

«ስኳር በዛበት ብላችሁ አልነበር?»

«በዝቶበታል።»

«ታዲያ ስኳር ትሰጡታላችሁ?»

«ሲያንሰው ነዋ!»

እናቴ ልክ ነበረች። መርፌው ከምግቡ ሲበልጥ ወይም ምሳ ሲዘገይ ስኳሬ ይወርዳል፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያናግረኝ እቆጣለሁ። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ መለካት ነው። ይህን ሁሉ እናቴ በትዕግሥት አስረዳች። ጎረቤታችን አንገቷን እየነቀነቀች ሄደች፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቴ ስኳር ታከማቻለች ተብሎ ተወራ።

ሲሊያኩ የመጣው በሌላ ስም ተደብቆ ነው፤ እንዲያውም በብዙ ስም። ሆዴ ይነፋል፣ እግሬ ይቀጥናል፣ ቁመቴ ከበሩ መቃን ምልክት አልፎ አይሄድም። ወስፋት ተባለ። ጃርዲያ ተባለ፣ አሜባ ተባለ፣ ታይፎይድ ተባለ። በመጨረሻ ሌላ ስም ሲጠፋ ለሁሉ የሚታደለው ስም ለኔም ደረሰኝ፦ ጨጓራ። ለሁሉም መድኃኒታቸውን ዋጥኩ። ወስፋት ኖሮብኝ ከሆነ በእርግጥ ሞቷል።

ግራ ያጋባው ምልክት ግን ሌላ ነበር። በልክ እወጋለሁ፣ በልክ እበላለሁ፣ ስኳሬ ግን ያለ ምክንያት ይወርዳል። እናቴ ዳቦውን በድብቅ የምጥለው መስሏት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አገጬን ትቆጥራለች። ምሥጢሩ የኋላ ኋላ ተገለጠ፤ ዳቦው በአፌ ይገባል እንጂ የተጎዳው አንጀቴ ወደ ደሜ አያሳልፈውም። ኢንሱሊኑ ቀድሞ ደርሶ ዳቦውን ይጠብቃል፤ ዳቦው አይመጣም።

አንዲት ዶክተር ይህን ጠርጥራ ደሜን አስመረመረች፤ ቀጥሎ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፌ ገብቶ ከአንጀቴ ቁራጭ ተወሰደ። ውጤቱን ስትነግረን እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ፍርድ ነው የሰማችው።

«ታዲያ ምን ይብላ?»

«ስንዴና ገብስ የሌለበትን ሁሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜውን ሙሉ።»

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «ጤፍስ?»

«ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይብላ።»

እናቴ እዚያው ክፍል ውስጥ እልል አለች። ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች የተፈወሰ ሰው ያለ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ደስታው ቤት እስክንደርስ ድረስ ቆየ። የጤፍ አገር ነን እንላለን እንጂ የአዲስ አበባ ልጅ ሆዱ የስንዴ ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፤ ዕረፍት ላይ ብስኩት፤ ምሳ ዕቃው ሲከፈት ጣሊያን ጥሎብን የሄደው ፓስታና ማካሮኒ፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሳምቡሳ ወይም ቦምቦሊኖ፤ ቅዳሜ ጨጨብሳ፤ ሲታመም አጥሚት፤ እንግዳ ሲመጣ ድፎ። ቡና ሲፈላ ደግሞ ቆሎ። ለቆሎው አንድ ሙያ አውጥቼ ነበር፦ ከገብሱ መሐል ሽምብራውን እየለቀምኩ እበላለሁ። ዶክተሯ ሰምታ እሱንም ከለከለች፤ አንድ ምጣድ ላይ ተቆልተዋል፣ እኔን ለማሳመም የገብሱ ዱቄት ይበቃል። ፈንዲሻ ብቻ ታማኝ ሆኖ ቀረ። እንጀራውም ቢሆን ለአንጀቴ ወዳጅ ነው እንጂ ለስኳሬ አይደለም፤ ስንት እጥፍ እንደበላሁ እየታየ ነው መርፌው የሚለካው።

ጤፉ ራሱ ንጹሕ የሚሆነው ወፍጮ ቤት እስኪገባ ነው። ወፍጮ ቀድሞ የፈጨውን አይረሳም፤ ከፊት ስንዴ ያስፈጨ ካለ፣ ተከትሎት የሚገባው ጤፍ የስንዴውን ቅሪት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ እናቴ ወፍጮ ቤት ስትደርስ የመጀመሪያ ሥራዋ ምርመራ ነበር።

«እትዬ፣ የርስዎ ምንድን ነው?»

«ስንዴ ነው።»

«እንግዲያ ይለፉ፤ እኔ አልቸኩልም።»

ቀጣይዋ ገብስ ይዛለች። «እለፊ የኔ እኅት።» ቀጣዩ ለዳቦ ነው። «እለፍ ወንድሜ፣ ሥራ ይኖርብሃል።» ጤፍ ያስፈጨ ሰው እስኪገኝና ከሱ ኋላ እስክትገባ ድረስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ሰፈሩ ይህን ትሕትና ነው ያለው። «እንደሷ ያለ ጨዋ የት ይገኛል፣ ወረፋዋን ለሰው ሰጥታ!» ተባለ። ስሟ ከወፍጮ ቤት ወደ ዕድር ተሻገረ፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ አድርገው ሲመርጧት አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እንደ ማስረጃ የጠቀሱት ወፍጮ ቤቱን ነበር። እናቴም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ምን ትበል?

ባለወፍጮው ብቻ እውነቱን ያውቃል። ከሩቅ ሲያያት «ጤፍ ያላችሁ ወደ ፊት!» እያለ ይጮኽ ጀመር። አዝኖላት መስሎን መርቀነው ነበር፤ ለካ እሷ ሰው ስታሳልፍ ወረፋው እየተዘበራረቀ በየቀኑ ጠብ እየተነሣበት ነው።

የገበያ እንጀራ ደግሞ አይታመንም። ሻጯ «ንጹሕ ማኛ ነው» ብላ በእመቤቴ ትምላለች፤ ውስጡ ግን ምን ምን እንደተቀላቀለ የምታውቀው ራሷ እመቤታችን ናት። እንጀራ ላይ ጀሶ ተቀላቀለ የተባለበት ሰሞን ከተማው ሁሉ ሲሸበር፣ እናቴ ረጋ ብላ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ጀሶ ግሉተን አለው?»

ትንሽ ከፍ ብዬ ስለ በሽታዎቼ ማንበብ ስጀምር ስንዴ ጠላት መሆኑ እንዴት እንደታወቀ ደረስኩበት። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ አንድ የአሜሪካ ሐኪም ለሲሊያክ ሕፃናት ያዘዘው ሙዝ ነበር፤ በየቀኑ፣ በብዛት። አርባ ምንጭ መወለድ ነበረብኝ ብዬ ሳልጨርስ ስኳሬ ትዝ አለኝ፤ አንዱን በሽታዬን የሚያስታግሰው ሙዝ ሌላውን ያሳብደዋል። ነገሩን ወደ ስንዴ ያመራው ቪለም ዲከ የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። ሔግ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ ስንዴን መጠርጠር የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ሆላንድ ውስጥ ረሃብ ገባ፤ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሕፃን ሲከሳ የሲሊያክ ሕፃናቱ አገገሙ። ዳቦ ሲመለስ እነሱ መልሰው ታመሙ። እ.ኤ.አ. በ1950 ምርምሩን ጽፎ አቀረበ።

ስኳሩም የራሱ ታሪክ አለው። ከኢንሱሊን በፊት የነበረ ሐኪም እንደኔ ላለ ልጅ የነበረው መላ ማስራብ ነበር፤ ልጁ በስኳሩ ፋንታ በረሃብ ቀስ ብሎ እንዲሞት። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ የተጣራ ስላልነበር እንደታሰበው አልሠራም፤ ከቀናት በኋላ የተጣራው ሲሰጠው ስኳሩ ወረደ። ኢንሱሊንን ያገኙት እነ ባንቲንግ የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ለቀቁት።

መርፌዬ ውስጥ ያለው እንዲህ በአንድ ዶላር ለሰው ልጅ ተለቀቀ። መሶቤ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አወጣ። ይህም አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ሔግ ያለ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብልኀት የለበትም ብሎ ሰረዘው። ታሪኩን ለእናቴ ስነግራት በጥሞና አዳመጠችኝና፣ «ሰዎቹ ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ያውቃሉ?» አለች።

ልጅነቴ ግን ሁሉም ክልከላ አልነበረም፤ ሹመትም ነበረው። ቡሄ ሲደርስ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ ሲሰባሰቡ አውራጁ ማን ይሁን በሚለው በየዓመቱ ይጣላሉ፤ ሙልሙል ያዡ ማን ይሁን በሚለው ግን ክርክር የለም። እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ ከረጢቱን ከያዘ ሦስተኛው ቤት ሳንደርስ ሙልሙሉ ይቀንሳል፤ እኔ ጋ ግን ጥርስ ሳይነካው ያድራል። በአገሪቱ በተፈጥሮው ሊበላ የማይችል ገንዘብ ያዥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ክፍያዬ በሳንቲም ነበር፤ ዳቦው በብር ሲተካ ደግሞ ከሹመቴ ተነሣሁ፤ ብር ግሉተን የለውምና ተጠረጠርኩ።

ትምህርት ቤት ደግሞ በሕግ የተፈቀደለት ብቸኛው ከረሜላ ያዥ ነበርኩ። ኪሴ ውስጥ ደስታ ከረሜላ አይጠፋም፤ ሲወርድብኝ ለመዋጥ። ይህ የጎኔን ልጅ ሐኪም አደረገው። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ፊቴን ትኩር ብሎ ያየኛል።

«አልቦሃል። ወርዷል።»

«ኳስ ተጫውቼ ነው።»

«እጅህን ዘርጋ... ይኸው ይንቀጠቀጣል!»

«አንተ ይዘኸው ነው የሚንቀጠቀጥ።»

ውላችን ግልጽ ነበር፤ በምርመራው ልክ ከሆነ አንድ ከረሜላ ለኔ፣ አንድ ለሐኪሙ። ስለዚህ በየቀኑ ይመረምረኛል። አንድ ቀን ግን የምር ወርዶብኝ ዴስኩ ላይ ተደፋሁ። አስተማሪያችን የተኛሁ መስሏቸው ጠመኔ ወረወሩ። ልጁ ብድግ ብሎ «ወርዶበት ነው ቲቸር!» አለና ኪሴ ውስጥ ገባ። ዓይኔ ግማሽ ክፍት ስለነበር ያየሁትን አስታውሳለሁ፤ አንዱን ልጦ ወደኔ አፍ፣ አንዱን ልጦ ወደ ራሱ አፍ፣ እንደገና ወደኔ፣ እንደገና ወደ ራሱ። ቅደም ተከተሉን አላጓደለም። ዛሬ ጉምሩክ ይሠራል።

ክረምት ሲመጣ መንዝ እላካለሁ፣ አያቴ ዘንድ፤ እምዬ እንላታለን። መሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጤፍ እዚያ ብርዱን አይችልም፤ የሚችለው ገብስ ነው። እንጀራው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው፣ ገንፎው፣ ጠላው ገብስ። እናቴ ስንዴና ገብስ የሚጠላ ልጅ ወደ ገብስ ዋና ከተማ ላከች ማለት ነው።

እምዬ የመጀመሪያ ቀን ጉዳዩን ሰምታ ሽቅብ አየችኝ። «ገብስ የእህል ንጉሥ ነው» አለች። «ከንጉሥ ተጣልቶ የት ሊኖር ነው?»

ኢንሱሊኑ ግን መንዝን ወደደው። አዲስ አበባ መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጡን ይዘን ፍሪጁ ገና ያልሞቀ ጎረቤት እናስሳለን፤ አንዲት አክስቴማ ይበልጥ እንዲበርድለት ብላ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስገብታው በረዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይወጋም። መንዝ ግን ራሱ ፍሪጅ ነው። እምዬ መድኃኒቱ ብርድ እንደሚወድ፣ ውርጭ ግን እንደሚገድለው ስትሰማ «እንደኛው ነዋ» አለችና ብልቃጡን የብር መስቀሏና የባሏ ፎቶግራፍ ካሉበት ሙዳይ ውስጥ ከተተችው። ማታ ማታ ሙዳዩን ጋቢ ታለብሰዋለች።

ከዚያ ቤቱን በአዋጅ አስተካከለች። ለኔ አዲስ ምጣድ ተሟሸ፤ ለኔ ብቻ ወንፊት፣ ለኔ ብቻ ሰፌድ፣ ሁሉም ላይ ቀይ ክር ታሠረባቸው። ጤፍ ከቆላ በአህያ ተጭኖ መጣ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላልና እሷም አብራኝ ጤፍ መብላት ጀመረች፤ ዘመድ ይህን ሰምቶ «አሮጊቷ በስተርጅና ቀበጠች» ብሎ አማት። ጎረቤቶች በሶ ጨብጠው፣ ቆሎ በነጠላ ቋጥረው ወደኔ ሲመጡ ከመደቧ ላይ ሆና ጭራዋን ታነሣለች።

በአንድ ዝክር ቀን የቤቱ እመቤት ከዳቦው ቆርሳ ዘረጋችልኝ። «ስንዴ አይደለም እኮ ልጄ፣ ጸበል ጻዲቅ ነው፤ ስመ ሥላሴ ተጠርቶበታል» አለች። ለዚህ መልስ የለኝም። በአዲስ አበባ ለሚያውቁኝ ሁሉ ያዘጋጀሁት ሰበብ እዚያ አይሠራም፤ ካህኑ አጠገቤ ናቸው፣ እምቢ ብል በሥላሴ ላይ ነው። እምዬ ከወዲያ ማዶ ሆና ታየኝ ነበር። ብድግ ብላ፣ ጣቷን ቀስራ፣ በሰው ፊት ጮኸች፦

«በሞቴ! እንዳትበላ!»

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ካህኑ ሳቅ ብለው ዳቦውን ተቀበሉና አሳልመው መለሱት። በሞቱ ምሎ የከለከለኝ ሰው ከእምዬ በቀር አላየሁም።

ውጭ አገር ያለው አጎቴ ደግሞ ስለ ሲሊያክ ሲሰማ በሻንጣ ሙሉ ግሉተን የሌለበት ብስኩት ይዞ መጣ። ዋጋውን ሲነግረን እናቴ ወንበር ፈለገች። ካርቶኑን ገልብጣ ጀርባውን አስነበበችኝ፤ ስንዴው ወጥቶ በምትኩ የሩዝ ዱቄትና ስኳር ገብቷል፣ ከሁሉም ስኳሩ በዝቷል። አንዱን በሽታዬን አክብሮ ሌላውን የሰደበ ብስኩት ነው። ጥቅሉን ለጡረተኛው ወታደር እንዳይሰጡት ስኳር አለባቸው፤ ለሰፈር ልጆች ታደለ፤ እነሱም ቀምሰው አሸዋ ነው አሉ። አጎቴ እየተከፋ፣ «እዚያ እኮ ጤፍም በውድ ነው የሚሸጠው፣ ፈረንጁ ሁሉ እየበላው ነው» አለ። እናቴ ወዲያው ሒሳብ ገባት፤ ወፍጮ ቤት ስንት ፈረንጅ ሊያሰልፍባት እንደሆነ።

አሁን አድጌያለሁ፤ እናቴ ግን ጤፌን ለሰው አታስፈጭም። ባለፈው ሰሞን እኛ ግቢ አጠገብ አንድ ትንሽ ልጅ ስኳር ተገኘበት ተባለ። እናቱ፣ አንተ አልፈህበታልና አጫውተው፣ አይዞህ በለው አለችኝ። ሄድኩ። ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጣት መርፌዎቹን በመልክ በመልኩ ይደረድራል። እንዴት እንደሚወጋ፣ ቦታ እየቀያየረ እንደሚወጋ፣ ሲወርድበት ላቡ እንደሚያስታውቀው ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲወርድብህ ስንት ከረሜላ ነው የሚሰጡህ?»

«አራት።»

በሐዘኔታ አየኝ። «እኔን ሰባት ነው።»

«ሰባት ያለው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ዶክተሩ ሲናገር እማዬ ስልክ እያናገረች ነበር።»

እናቱ ከኩሽና «ምን ይላል?» ብላ ተጣራች።

«ሒሳብ እያሰላን ነው» አልኳት።